የሪሃም አንገት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንተና በቤትህ ላይ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ፍየሎቹ፣ ጎርፍ የወሰደው አጥር፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልእክትህ ከደረሰኝ ወዲህ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል።

የሪሃም አንገት እያበጠ መሄዱን፣ ስትጋደም ትንፋሽ እንደሚያጥራት ጽፈሃል። "ከአንቺ እጅ በቀር ቢላ አይነካትም፤ ያንን የወፍ እጅሽን አምነዋለሁ" ብለሃል። በልጅነታችን የገዛህልኝ አምባር ሁሉ እየሰፋኝ ሲወልቅ፣ "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ የወፍ ነው እንዴ?" እያልክ ሰፈሩን የምታስቅብኝን አልረሳሁም። ዛሬም የቀዶ ጥገና ክፍል ነርሶች በልኬ ጓንት ሲያጡ "የሕፃናት ክፍል ሄደን እንለምንልሽ?" ይሉኛል።

እሺ፣ ልጅህን እኔ እሠራታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስለምፈራ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገርህ። ከእንቅርቱ ዕጢ ጀርባ አራት ትናንሽ ፍሬዎች ተለጥፈው ይገኛሉ። ምስር ያካክላሉ፤ መልካቸው ከስብ አይለይም። በደማችን ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። አንዷ እንኳ በደህና ከተረፈች ብዙውን ጊዜ ትበቃለች። አራቱም ከሄዱ ግን ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣቶች ታጥፈው ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ሰውነት እንዳለ ይንፈራገጣል። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ነው፤ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ጣቶች ታጥፈው ስልህ ምን እንደታየህ አውቃለሁ። እኔም እሱን እያየሁ ነው የምጽፍልህ።

አሁን ካሜራ መጥቶልናል። የክፍሉን መብራት አጥፍተን፣ ዓይን የማያየው ብርሃን አንገቱ ላይ እናበራለን። ምንም ቀለም ሳንጨምር ፍሬዎቹ ራሳቸው ስክሪኑ ላይ ፈክተው ይወጣሉ። ባለፈው ወር ከአትባራ ከተማ የመጣች የአንዲት ሴት እንቅርት አውጥቼ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ሥጋ በካሜራው ሳየው አንዷ ፍሬ አብራ ወጥታ ታበራለች። ነርሷ ሰሚራ "ዶክተር፣ ይቺ ደግሞ ወዴት ልትሄድ ኖሯል?" ብላ ሳቀች። ፍሬዋን ከታትፌ በሴትየዋ አንገት ጡንቻ ውስጥ መልሼ ተከልኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ያለቀስኩት ለእናታችን ነው።

እሷም እንቅርቷን በቀዶ ጥገና በተሠራች በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስመጣ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ጂኒ አስወጪው ፈኪ ባቢኪር ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቁርአን ይቀራል። እናታችን መሬት ላይ ናት። ጣቶቿ ተጣብቀዋል፣ መንጋጋዋ ተቆልፏል። ጂኒ ነው ብሏል ሰውዬው። የራሱ ክንድ ስለደከመ ሲገርፍበት የነበረውን ያንተኑ የጉማሬ አለንጋ መልሶ ላንተ ሰጠህ፤ "የገዛ ልጅ እጅ ጂኒውን ያሳፍረዋል" ብሎ። ላንተ! በየሠርጉ ሸሚዙን አውልቆ፣ ሃያ ግርፋት ዓይኑን ሳያርገበግብ ተቀብሎ፣ ሴቶች እልል ለሚሉለት ሰው! አለንጋ ላንተ ክብር ነበር። የምታድናት መስሎህ ነበር።

"ውጣ! ልቀቃት አንተ ከይሲ!" እያልክ ስትገርፍ ድምፅህ በለቅሶ ተዘግቷል። የተጠቀለለችበት ነጭ ቶቧ ጀርባዋ ላይ ተተልትሎ ደም ጠጥቷል። በመታሃት ቁጥር ትንፈራገጣለች፤ በተንፈራገጠች ቁጥር ሰዉ "ይኸው ሊወጣ ነው፣ ጨምርበት!" ይላል። ክንድህ ላይ ተንጠለጠልኩ። "ዞር በይ አንቺ! ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም!" ብለህ በክርንህ ስትመታኝ የፊት ጥርሴ ረገፈ። ደሜን እየተፋሁ "ካልሲየም ነው! ካልሲየም ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? መኪና ላይ ስንጭናት ገና ትተነፍስ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እጄ ላይ አለፈች።

ልቅሶው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "በአለንጋህ ገደልካት" አልኩህ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሠርግ ረግጠህ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነህ።

ከተቀበረች በአራተኛው ቀን "ምን አድርጎ ነው የላካት?" ብለህ ሆስፒታል ድረስ መጣህ። እሷን የሠራት ዶክተር አል-ሃዲ ነው ተብለህ ነበርና እሱኑ ያዝከው። ቀኝ እጁን ከብረቱ በር መሐል አስገብተህ በሩን በእርግጫ ዘጋህበት። የአጥንቱ ድምፅ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተሰማ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ፖሊሶቹ አንተን መደብደብ ሲጀምሩ ሽማግሌው ዶክተር የተሰበረ እጁን አቅፎ "ልቀቁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አላቸው። ይህን ሲል የሚያየው ግን አንተን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቢላ ይዞ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ሞተ፤ አላህ ይዘንለት።

ወንድሜ፣ ዶክተር አል-ሃዲ ያን ቀን አንገቷን ከፍቶ ትልልቆቹን ደም ሥሮች እንዳሰረ፣ በሌላ ክፍል አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው ተብሎ ተጠራ። ጓንቱን አውልቆ ሮጠ። የቀረው ሥራ በረዳት እጅ ነው ያለቀው። በንጹሕ ሥራው የሚኮራ እጅ ነበር። ደም ጠብ ሳያደርግ፣ ስብ የመሰለውን ሁሉ ጠራርጎ ሳህኑ ላይ አኖረው። ነርሷ "የዛሬውስ እንዴት ያምራል!" ብላ አደነቀች። ሳህኑ ተደፋ። ያን ጊዜ ካሜራው ቢኖር አራቱም እዚያ ውስጥ ሲያበሩ ይታዩ ነበር።

እናታችን በተሠራችበት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አብሬህ ያልተቀመጥኩት ተረኛ ሆኜ ነው ብዬህ ነበር። ለዚያ እጅ የሚሆን ጓንት ያን ቀንም ጠፍቶ፣ ከሕፃናት ክፍል ተለምኖ ነው የመጣው።

ሰኞ ጠዋት ሪሃምን አምጣት። እኔ እንድነካት ካልፈለግህ እውነትህን ነው፤ በዚሁ ካሜራ የምትሠራ ዶክተር ኢብቲሳም የምትባል አለች፤ ስልኳን ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። ብቻ አምጣት። ከተሠራች በኋላም ከንፈሯ ቢደነዝዝ፣ ጣቷ ቢታጠፍ፣ ማንንም ሳታማክር ይዘሃት ወደ ሆስፒታል ሩጥ።

አለንጋው ዛሬም ጣራው ሥር እንደተሰቀለ፣ ማቃጠልም መንካትም እንዳቃተህ ባለቤትህ ነግራኛለች። እሱንም ይዘኸው ና። ሪሃም ነቅታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ ውሃ ስትጠይቅህ፣ ከዚያ በኋላ ግቢዬ ውስጥ እንደ ሠርጋችሁ ደንብ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ዓይኔን አላርገበግብም።

አላህ ልጅህን ያኑርልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ ለእናታችንም እዝነቱን ያብዛላት።

የወፍ እጅ ያላት እህትህ