የሰፈራችን ዱርጋ ወንዝ ሳትገባ

ካትዋ፣ አሽዊን 27 ቀን፣ ዓርብ

ለልጄ ለጁምኪ፤

እንደምን ከርመሻል የኔ ልጅ? ባልሽ ኢላንጎስ ደህና ነው? እኛ ከጥጋብ በቀር ያመመን ነገር የለም። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ አባትሽ አጠገቤ ተጎልቶ «ምን እያልሻት ነው?» እያለ አላስወራ አለኝ። ዛሬ ዓሣ ሊገዛ ሲወጣ ጠብቄ ወረቀት አወጣሁ። ጽሕፈቴ ከስድስተኛ ክፍል እንዳላለፈ ታውቂያለሽ፤ ታግሰሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ጥፋታችንን ልናገርና ይውጣልኝ። አባትሽ ጣፋጭ በልቷል። ሐኪሙ እንደከለከለው፣ አንቺም በየሳምንቱ እየደወልሽ እንደምታስጠነቅቂ አልጠፋኝም። ሦስት የኮኮናት ናሩ በልቷል፤ እኔ ያየሁትን ማለቴ ነው። የት በላ ብትይ፣ ትልቁ አጎትሽ ቤት።

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አዎ፣ ትልቁ አጎትሽ ቤት።

አራት ዓመት ሆነ አይደል? በሠርግሽ ሰሞን «ዘሩን አጥንቱን ለማናውቀው የሩቅ አገር ሰው ልጅ ይሰጣል ወይ» ብሎ በሰው ፊት የተናገረው ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንቺም «በዚያ ደጃፍ አላልፍም» አልሽ፤ ወደ ቤታችን ደግሞ ሌላ መንገድ የለም። አልፈርድብሽም። አባትሽም ቢሆን በየዓመቱ የእናት አምላካችን የዱርጋ ምስል ወንዝ በሚገባበት በቢጆያ ዕለት አዲስ ሸሚዙን ለብሶ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ እግር ሲነካ ያመሽና የገዛ ወንድሙ በር ላይ ሲደርስ አንገቱን አዙሮ ያልፋል። ታናሽ ይሄዳል፣ ታላቅ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ያኛው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ይኼኛው አይሄድም። በመሃሉ የምናልቀው እኛ ነን።

ዘንድሮ ግን በዝናቡ ወራት አጎትሽ የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ወድቆ ከዘራ ይዟል አሉ። አባትሽም ሰማ። ማክሰኞ፣ የቢጆያ ዕለት ጠዋት፣ ጢሙን ሲላጭ መስታወቱን እያየ «እሱ ከሄደ በኋላ የማንን እግር ልነካ ነው?» አለ። እኔ ሻዬን ማፍላቴን ቀጠልኩ። እሱን ሂድ ካልሺው ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ እንደ ወጉ ከሴቶቹ ጋር ሄጄ የዱርጋን ምስል ጣፋጭ አጉርሼ፣ የባለትዳር ሴት ምልክት የሆነውን ቀይ ዱቄት ግንባር ለግንባር ተቀባብተን፣ «በከርሞ ተመለሽ» ብለን ተሰናበትናት። ወደ ወንዝ ሊወስዷት መኪና ላይ ሲጭኗት ትቼ መጣሁ። ፊቴን ልታጠብ ውኃ እንደቀዳሁ ከወንዙ በኩል የከበሮው ድምፅ ቀለጠ። አባትሽ ከወንበሩ ተነሣ።

«ገባች! ነይ!»

«ቆይ እስቲ፣ ፊቴን ልታጠብ፣ ሳሪዬን ልቀይር።»

«አሁን ካልሄድኩ አልሄድም» አለና ወጣ። እኔም ግንባሬ እንደቀላ ከኋላው ሮጥኩ።

አጎትሽ በረንዳው ላይ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አባትሽ ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ እግሩን ነካ። «ዳዳ፣ ወንድም ጋሼ፣ ቢጆያ» አለው። አጎትሽ እግሩን ሰበሰበ! ልጄ፣ አለቀልን አልኩ።

«አንተ ሺቡ፣ ስልሳ ዓመት አልፎህም ቸኳላ ነህ?» አለው። «እናታችን ዱርጋ ገና መኪና ላይ ናት እኮ!»

ለካ ያ ከበሮ የዓሣ ገበያ ሰፈር ዱርጋ ስትገባ ኖሯል። የእኛዋ የሩዝ ወፍጮው ጋ ጎማ ፈንድቶ ቆማለች። ምስሏ ውኃ ሳይገባ ቢጆያ ማለት እንግዲህ ሰው ሳይሞት ለቅሶ እንደመድረስ ነው። የአባትሽ ፊት ከእኔ ግንባር ባሰ። «እንግዲያው በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ዞረ። ያ «በኋላ» ሌላ አራት ዓመት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ይኼኔ ሚስቱ፣ ትልቋ አክስትሽ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ማነው የሚሄደው? በቢጆያ ቀን ከዚህ ቤት አፉን ሳያጣፍጥ የወጣ ሰው አለ?»

«ገና ቢጆያ አልሆነም እያልኩ ነው» አለ አጎትሽ።

«እንግዲያው እስኪሆን ይቀመጣላ!» ብላ ወንበር አምጥታ መውጫው ላይ ደነቀረችው። «አንቺም ነይ ግቢ» አለችኝ፤ «ግንባርሽን አይቼ ፖሊስ ልጠራ ነበር።»

ወንድማማቾቹ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ጣሪያው እያዩ ተቀመጡ። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። አጎትሽ በከዘራው ወለሉን መታ መታ አድርጎ፣ «የኋላው ጎማ ነው አሉ» አለ።

«ሹፌሩ ማነው?»

«የእንቁላል ነጋዴው ልጅ።»

«እሱማ ብስክሌት ሲነዳም አጥር ይዞ ነበር።»

ከት ብሎ ሳቀ አጎትሽ። አባትሽም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎማ፣ ከጎማ ስለ ጉልበት፣ ከጉልበት ስለ ጉድጓዱ ድንጋይ። «አንዱ ድንጋይ ይነቃነቃል» ሲለው አባትሽ «ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ» አለ። ነገ አለ፣ ሰማሽ?

ወጥ ቤት ውስጥ የነበረውን ብታዪ! ገና ከዘይት የወጣ እንደ ፊኛ የተነፋ ቂጣ፣ ኩርሽም የሚለው የጨው ጥብስ ኒምኪ በትሪ ሙሉ፣ ናሩው በጥቁር ስኳርም በነጩም፣ የወተቱ ገንፎ። በሁለት ሽማግሌዎች ቤት ይህ ሁሉ ለማን ነው አልኩ በልቤ። ላግዛት ብዬ ጥግ ላይ የተከደነች የአተር ወጥ ብድግ ሳደርግ፣

«ተይው፣ ያ የሺቡ ነው። ስኳር የሚባል የለበትም፤ ዝንጅብልና ኮኮናት ብቻ ነው» አለችኝ።

«የስኳር በሽታ እንዳለበት ማን ነገረሽ ዲዲ፣ እህቴ?»

«መድኃኒት የምንገዛበት ቤት አንድ አይደል እንዴ? የእኔን የደም ግፊት ስወስድ የእሱን እጠይቃለሁ።»

«ዘንድሮ እንደምንመጣስ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም» አለች ቂጣውን እየገለበጠች። «በየዓመቱ ነው የምሠራው። ካልመጣችሁ ጠዋት ለጎረቤት አበላዋለሁ።»

ጁምኪ፣ እኔ በእነዚያ ዓመታት ስለሷ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት።

«ሽንኩርት የታለ? ዛሬ አልከተፍኩም» አለችና እሷም አፍንጫዋን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከወንዙ እልልታው መጣ። አሁን የእኛው ከበሮ ነው፤ የጎረቤት ሰው ሁሉ በየደጁ «ገባች፣ ገባች» ይላል። አባትሽ ተነሥቶ እንደገና ጎንበስ አለ። አጎትሽ በዚህኛው ጊዜ እግሩን አልሰበሰበም። እጁን አባትሽ ራስ ላይ አኖረና ረስቶት ቀረ።

«ፀጉርህ አልቋል» አለው በመጨረሻ።

«ያንተው ዘር ነዋ» አለ አባትሽ። ተቃቀፉ፤ ሦስት ጊዜ፣ ግራ ቀኝ ግራ።

ከዚያማ ማን ያቁመን! አባትሽ የአተሩን ወጥ ሳህኑን አብሶ በላ። ከዚያ አክስትሽ አንድ ናሩ በእጇ አጎረሰችው፤ ምን ልበል? ሁለተኛውን ወንድሙ አጎረሰው። ሦስተኛውን ግን ራሱ ነው፣ እኔ ዞር ስል። ዛሬ ጠዋት አስለክቼዋለሁ፤ ስኳሩ ያን ያህል አልወጣም። ስትደውዪ እንዳላወቅሽ ሁኚለት።

ልንወጣ ስንል አጎትሽ በከዘራው አስቆመኝ።

«ለልጅቷ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ?»

«እጽፋለሁ ዳዳ። እሷም ሰላምታዋን ትልክልዎታለች፤ ሥራ በዝቶባት ነው የዘገየችው» አልኩ ከኀፍረት የተነሣ።

«እኔ የሷን አልጠብቅም። ቢጆያ ብሎሻል ብለሽ ጻፊላት። ቀድሞ ብሎሻል በያት። ለባሏም።»

«ዳዳ፣ ታናሽ እያለ ታላቅ እንዴት ይቀድማል? ሰው ምን ይላል?»

«ደንቡን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አለ ተቆጥቶ። «ቀድሞ ብሏል ብለሽ ጻፊ አልኩ።»

ይኸው ጻፍኩ። ከዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የቢጆያ መልስ እስከ ካሊ በዓል ድረስ ጊዜ አለው፤ ገና ሁለት ሳምንት ነው። ከዚህ ሌላ አዲስ ወሬ የለም። አናጢው ክፍልሽ ውስጥ ያለውን አልጋ እያሰፋው ነው፤ እግሩ ይነቃነቅ ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዱርጋ ግንባርሽን ቀይ አድርጋ ታኑርልሽ፤ ማጀትሽ አይጉደል፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። ለኢላንጎ በእጄ ራሱን እንደዳሰስኩት ንገሪው። አባትሽ መጣ መሰለኝ፣ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ።

እናትሽ ሾቫ