ከሰልፉ የተያዘልኝ ቦታ

ታምፐሬ፣ ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2015

ዓይኔ ለተራበሽ ልጄ ለሚርያ፣

እዚያ አውስትራሊያ ሙቀቱ እንዴት አድርጓችኋል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? በቀደም በስልክ «እማዬ፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም» ብለሽ ስትጨቀጭቂኝ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጉንፋንስ በማር ይድናል። ነገሩ የወንድምሽ የያርኮ ነው። በስልክ ብጀምረው ማልቀሴ ስለማይቀር ነው የምጽፍልሽ። አትደንግጪ፣ በሕይወት አለ።

ፋብሪካው ተዘግቶ፣ መጠጡ በርትቶበት፣ ከቤት ወጥቶ ከጠፋ ወዲህ ያላሰስኩት መንደር እንደሌለ ታውቂያለሽ። ባለፈው መከር ደግሞ ቤት የሌላቸው ሰዎች በሚመገቡበት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሾርባ መጨለፍ ጀመርኩ። ለጽድቅ መስሎሽ እንዳታመሰግኚኝ፣ እሱን ፍለጋ ነበር። አንድ ሐሙስ መጣ። እዚህ አገር በየቤቱ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚበላው፣ የአተር ሾርባ ነበር የምናድለው። ሳህኑን ዘርግቶልኝ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሳህኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ። ሳምንታት አለፉ፣ አልተመለሰም።

እዚያ የሚመገብ ሬይኖ የሚባል ሽማግሌ አናጢ አለ። እሱ ነው የመከረኝ።

«እትዬ ሂልካ፣ እናቱ በጭልፋ እየመጸወተችው የሚበላ ወንድ የት አገር አይተሻል? አብረሽው መቀመጥ ከፈለግሽ ያንን ሽርጥ አውልቂና ተሰለፊ።»

«እኔ? እዚህ ሰልፍ ላይ?»

«ምን አለበት? ሾርባው እንደሆነ እኔን እስከ ዛሬ አልገደለኝም። ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም።»

ሽርጡን አወለቅኩ። የአባትሽን አሮጌ ካፖርት ለብሼ ተሰለፍኩ። ያርኮ በመጨረሻ ሲመጣ ከሰልፉ መሃል አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አልሄደም። ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ ጥቁሩን ዳቦ ለሁለት ገመሰና ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ብዪ እማዬ» አለኝ።

ተርቤ የመጣሁ መስሎታል፣ ሚርያ። እኛ ቤት እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ አባትሽም ምንም ሳይጠይቅ ነው የሞተው። «ቤቱም አለ፣ ጡረታዬም አለ፣ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው» ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እውነቱን ብነግረው ተነስቶ ይሄድብኛል። ዳቦውን በላሁት።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ ቦታ ይይዝልኝ ጀመር። ሰው ሊገባበት ሲል «የእናቴ ቦታ ነው» ይላል። ጢሙን ተላጨ። የመጠጡ ሽታ ቀነሰ። ከሾርባው በኋላ የሚታደለውን የራሱን ፓንኬክ ማርማላታ ቀብቶ ለእኔ ነው የሚሰጠኝ። ሬይኖ ከሩቅ ሲያየኝ «መንገድ ልቀቁ፣ ንግሥታችን መጡ!» እያለ ያሾፍብናል፣ ያርኮም ይስቃል። ስንት ዘመን ሳቁን አልሰማሁም ነበር። በዚያ ብርድ ቆሜ ደስተኛ ነበርኩ፣ አልዋሽሽም።

ከገና በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር፣ ኦውሉ ከተማ ካለ የመጠጥ ማገገሚያ ቤት አልጋ አገኘችለት። እምቢ አለ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ምን ይለኛል?

«አንቺን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? በዚህ ዕድሜሽ በረዶ ላይ ቆመሽ ልትሰለፊ?»

በዚያው ሳምንት ከድልድዩ ሥር ተኝቶ ያደረ አንድ ሰው ደርቆ ተገኘ። እሱ አለመሆኑን እስክሰማ ድረስ ከስልኩ አጠገብ አልራቅኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ልጄን በረዶ ላይ ሊያስቀርብኝ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ አንቺ የላክሽልኝን ሰማያዊውን ካፖርት ለብሼ ሄድኩ። ቦታዬን ይዞ ቆሟል።

«ያርኮ፣ ቤቱ አለ። ጡረታዬም ይበቃኛል። ርቦኝ አያውቅም። አጠገብህ ልቀመጥ ብዬ ነው የተሰለፍኩት። አሁን ስለ እኔ አታስብ፣ ኦውሉ ሂድልኝ።»

ካፖርቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ዳቦዬን ስሰጥሽ ግን በላሽው» አለኝ።

«በላሁት።»

«ጠግበሽ?»

ከኋላው ወደቆመው ሰው ዞረና «ቦታው ያንተ ነው» ብሎት ሄደ። አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ኦውሉ መግባቱን ፓስተሯ ነገረችኝ። ወደ ማገገሚያ ቤቱ ስደውል አንዲት ትሑት ነርስ ስልኩን አነሳች። ደህና ይበላል፣ ደህና ይተኛል፣ መጠጥ አልነካም አለችኝ። ቀጥላም፣ እናቱ እንዳትደውልና እንዳትመጣ መጠየቁን፣ እያዘነች ነገረችኝ። ጣሪያ ሥር እንዲገባልኝ ነበር ልመናዬ፣ ገባልኝ። አንጀቴ ግን ተቆርጧል፣ ልጄ።

ዛሬም ሄጄ ነበር። ወደ ጭልፋው ልመለስ ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ከሰልፉ ጭራ ቆምኩ። ሬይኖ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ዛሬ አልቀለደም።

አንቺን ይወድሻል። የማገገሚያ ቤቱ አድራሻ ከፖስታው ጀርባ አለልሽ፤ ጻፊለት። ስለ ልጆቹ ንገሪው፣ ስለ ባሕሩ ንገሪው። አትምከሪው፣ ስለ እኔም አታማልጂ። አንቺን የሰጠኝ አምላክ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ፤ እነሱ አንቺን ጠርተው የማይጠግቡ ይሁኑ።

ወንድምሽ መቼም የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ግን ድንገት ከጠየቀሽ፣ ከጠየቀሽ ብቻ፣ እናታችን ትበላለች በዪው።

እናትሽ ሂልካ