ከባለቤቴ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ልጃችንን ስለዘለሉልን

ለክቡር አቶ ሆርዶፋ
የሚድዌይ ወንድማማቾች መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ፤ ከአንድ አጭር ጽሑፍ ላይ አንድ ሙሉ ሰው ዘሎ ማንበብ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነውና አሳስቦኛል።

እኔ ባለፈው ወር ባለቤቴን ኦላናን የቀበራችሁልኝ ወርቂቱ ነኝ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት እርስዎ ነበሩ። በእጄ የሰጠሁዎት ወረቀት «የገመቺስና የኢሊሊ አባት» ይል ነበር፤ ከአፍዎ የወጣው ግን «የገመቺስ አባት» ብቻ ነው። ኢሊሊ ከሣጥኑ አጠገብ ቆማ ትሰማዎት ነበር። ልጄ ትራንስጀንደር ናት፤ ወንድ ልጅ ተብላ አደገች፣ ሴት መሆኗን ከነገረችን ዓመታት አልፈዋል። ስሟን ፍርድ ቤት አጽድቆላታል፣ መንጃ ፈቃዷም ይኸንኑ ይላል። ሚኒሶታ ያወቃትን ልጅ እድራችን አላውቃትም በማለቱ፣ ከመንግሥት በላይ መሆናችሁን ስላሳያችሁን እናመሰግናለን።

ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ምክንያቱን ብጠይቅዎ «እትዬ ወርቂቱ፣ ፋሚሊውን ፕሮቴክት ለማድረግ ነው፤ ሰው ያወራል» አሉኝ። ፋሚሊው እኛ ነን፤ ከማን እንደጠበቁን ይንገሩኝ። አባቷን ከሮዝቪል ቤታችን ለኩላሊት እጥበት ያመላለሰችው፣ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ሰው ያወራል ብሎ መጥቶ የተካት የእድር አባል አላየሁም።

፪. «ለሟች ክብር ስንል» የሚለውንም ጨምረውልኛል። ኢሊሊ የሚለውን ስም ያወጣላት ሟች ራሱ ነው! ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት አባቷን ስም አውጣልኝ ብላ ለመነችው፤ ብዙ ተጨንቆ፣ ብዙ ከእኔም ጋር ተኳርፎ፣ በመጨረሻ በእናቱ ቋንቋ በኦሮምኛ አበባ ማለት የሆነውን መረጠላት። ለክብሩ ብላችሁ እሱ ያወጣውን ስም ሬሳው ፊት ዋጣችሁት።

፫. ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የገመቺስን እጅ ጨብጦ እሷን እያለፈ ሄደ። እግዜር ያጽናሽ የሚላት አንድ ሰው ጠፋ። ሊቀመንበሩ ያላነበቡትን ሰው ማን ደፍሮ ያጽናና?

ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ እንቅልፍ እስካጣ ተናድጃለሁ። ልጄ አሁን ከዚህ ከተማ ልሂድ እያለች ነው። ባሌን ሞት ወሰደው፤ ልጄን ግን እናንተ እንድትወስዱብኝ አልፈቅድም። ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ፣ በተሰበሰበው አባል ፊት፣ ያንን ጽሑፍ እንደተጻፈ፣ ምንም ሳይዘሉ እንዲያነቡልን እጠይቃለሁ።

ትሕትናዋ እዚህ ላይ ያለቀባት፣
ወርቂቱ፣ የኦላና ሚስት፣ የገመቺስና የኢሊሊ እናት

ማስታወሻ፦ እኔም መሞቴ አይቀርም፤ የእኔን የሕይወት ታሪክ የምታነበው ኢሊሊ ናት። ለእኛ የዋሉልን ውለታ ከነስምዎ በደንብ ተጽፎበታል፤ እሷ ደግሞ አንድም ቃል አትዘልም።