ማንም የማይቀመጥበት ወንበር

ውድ አምዴ፣

ስልክህ አልነሳ ሲለኝ ጊዜ ወረቀት ፈለግሁ። ይህን የሚያደርስልህ ገለታ ነው፤ ዌሪቢ ቤቱ ካስጠጋህ ጀምሮ በእኔና በአንተ መካከል ፖስተኛ ሆኖ ቀረ፣ ምስኪን። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአናንያ ሽማግሌዎች ልጃችንን ሄርሞንን ለትዳር ሊጠይቁ ይመለሳሉ። ዋናው መልእክቴ ይኸው ነው። የቀረውን የምጽፈው ሆዴ አልችል ስላለ ነው።

የሄድክበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። ቁም ሳጥኑን፣ ባለመሳቢያውን ኮመዲኖ፣ የናስ መቅረዞቹን፣ ሰማያዊ ሥዕል ያለባቸውን የእንግሊዝ ሳህኖች በብርድ ልብስ ጠቅልለህ፣ ያውም በኔ ብርድ ልብስ፣ በኪራይ መኪና ወደ ስቶሬጅ፣ ወደ ኪራይ መጋዘኑ አመላለስክ። አረንጓዴውን ወንበር ግን ለኪራይ መኪና አላመንከውም። በራስህ መኪና ከፊት፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ አድርገህ ቀበቶ አሰርክለት። በመስኮት አይህ ነበር። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። እኔን ከነወገብ ሕመሜ ሐኪም ቤት ስታመላልሰኝ አንድ ቀን ቀበቶ አስረህልኝ አታውቅም። ይህን ለነገር ብዬ አይደለም። እሺ፣ ለነገር ብዬ ነው።

ፍቅርህ ከየት እንደመጣ የማላውቅ እንዳይመስልህ። ከሱዳን መጥተን ኬንሲንግተን የመንግሥት ፎቁ ላይ ሲያስገቡን የተቀበለን ባዶ ቤት ነበር። አንድ ቀን ሰፈርተኛው ሃርድ ራቢሽ፣ የሚጣል የቤት ዕቃ ብሎ መንገድ ዳር ካወጣው መካከል ያን ወንበር ተሸክመህ መጣህ። ቀለሙ ተላልጧል፣ ጀርባው ቀጫጭን ዘንግ ነው፣ አንድም ሚስማር የለበትም። ሄርሞን በሆዴ ነበረች፤ የመጨረሻውን ወር እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። በኋላ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አይተውት፣ አሜሪካ የተሠራ ነው፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ በወርቅ ፍለጋው ጊዜ ወደዚህ አገር በመርከብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም አሉህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነሺ ተባልኩ።

ከዚያማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጨረታ ነው። ለምን እንደምትሰበስብ የነገርከኝ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የሆነች ትንሽ የኦክ ሳጥን ጭንህ ላይ አድርገህ በባቡር ስንመለስ። ከአገር ስንወጣ የአባቴን በርጩማ እንኳ አልያዝኩም አልከኝ፤ የሰው አያት ዕቃም ቢሆን ቤቴ ይኑርልኝ አልክ። ከዚያ ወዲህ ቅራቅንቦ ማለት ተውኩ፣ ቢያንስ በፊትህ።

ቤታቸው በወንበር ተሞልቶ መቀመጫ ያጡ ሰዎች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ብሬብሩክ ወደዚህ ቤት ከገባን በኋላ ሳሎኑን የእንግሊዝና የአሜሪካ ወንበር ሞላኸው፤ ልጃችንን ያሳደግነው ግን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ሳህኖቹ ግድግዳ ላይ፣ ምሳችን በፕላስቲክ ሳህን። ሄርሞን ትንሽ ሳለች፣ አባዬ፣ ታዲያ ማን ነው የሚቀመጥበት ብላ ጠየቀችህ። የክብር እንግዳ ሲመጣ አልካት። ልጅ ናትና አመነች። በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጣ ሄዳ የመጣውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታየው ነበር፣ ይሄ ይሆን እያለች።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን የፕላስቲክ ወንበሮቹን ጨርቅ አልብሼ በአንድ በኩል ደረደርኳቸው፤ አፍሬ ነው። የአናንያ ቤተሰብ ጴንጤ በመሆኑ አስቀድመን በሰው አፍ ገብተን ነበርና ሦስቱም ሽማግሌዎች ሲገቡ ፊታቸው ላይ ስጋት ነበር። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ትልቁ ሽማግሌ ጋሼ ወንድይፍራው ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። አንተም ደስ ብሎህ ነበር፣ ዓይንህ እንባ አቅርሮ አይቼሃለሁ። ተቀመጡ፣ እንነጋገር አልክ። ሁለቱ ፕላስቲኩ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ወንድይፍራው ግን ሰውነታቸው ከባድ ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ፕላስቲኩን አዩት፣ ፈሩት፤ ዞር ሲሉ አረንጓዴው ወንበር አለ። መደገፊያውን ይዘው ዝቅ ማለት ሲጀምሩ ዘለህ ክንዳቸውን ያዝክ።

«አይሆንም፣ እዚህ ላይ አይቀመጡም» አልካቸው።

ጋሼ ቀና ብለው አዩህ። ገብቶናል አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ ሁለቱም ተነስተው ተከተሏቸው። እኔ በነጠላ ጫማ እስከ መኪናቸው ሮጥኩ፣ አልደረስኩባቸውም። ስመለስ አንተ ተንበርክከህ የወንበሩን እግር ትመረምር ነበር።

እነሱ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተመለሱ መሰላቸው። ሌላ ምን ይምሰላቸው? ሽማግሌን በወንበር ምክንያት የሚመልስ አባት ማን አይቶ ያውቃል? ወሬው ሳምንት ሳይሞላው እኛ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ያ ሁልጊዜ ከፊት የሚቆመው ሰውዬ እጅህን ጨብጦ፣ ለሃይማኖትህ ቆምክ፣ ኮራንብህ ሲልህ አጠገብህ ነበርኩ። አንገትህን ደፍተህ እግዚአብሔር ይመስገን አልክ። ቤት እንደገባን ደውለህ እውነቱን ንገራቸው ብዬ ለመንኩህ። የመለስክልኝን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

«ለወንበር ብሎ ሽማግሌ መለሰ ከምባል፣ ለሃይማኖቱ ብሎ መለሰ ብባል ይሻለኛል።»

እኔም ልጁ የኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ቢሆን በወደድኩ፣ አልዋሽህም። ግን እግዚአብሔርን የወንበር መሸፈኛ ማድረግ ያስፈራኛል። ለዚህ ነው ከዚህ ቤት ወይ ውሸቱ ይውጣ ወይ ወንበሩ ያልኩህ። አንተ ከወንበሩ ጋር ወጣህ። ውሸቱ እዚሁ ከእኔ ጋር ቀረ። ምንጣፉ ላይ የአራት እግሩ ምልክት አልለቀቀም፤ በቫኪዩም ስጠርግ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እሱን እዘለዋለሁ።

ሄርሞን ሁሉንም ሰምታለች። በአማርኛ አልመልስ ብላ «ኢትስ አ ቼር፣ ማም»፣ ወንበር እኮ ነው ብቻ ትለኛለች፣ ደጋግማ። አባዬ እሑድ ካልመጣ ከአናንያ ጋር ሬጂስትሪ፣ የመንግሥት ጋብቻ ቢሮ ሄጄ እፈርማለሁ፣ ቀጠሮ ቡክ አድርጌያለሁ ብላለች። ትፈርም፣ ማን ይከለክላታል። ግን አባቷ በሕይወት እያለ አባት እንደሌላት ልትዳር ነው። ይህን ስታስብ ነው መሰለኝ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ የምትቆየው። ስትወጣ ዓይኗን አላይም፤ አይቼ ምን እላታለሁ?

ስለዚህ ያልተደረገ ነገር አደረግሁ። የሴት ልጅ እናት ሆኜ በገዛ እግሬ ኬንሲንግተን ጋሼ ወንድይፍራው ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ተረፈች በሩን ከፍተው ምንም ሳይጠይቁ አቀፉኝ፤ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። እባካችሁ ተመለሱልን አልኳቸው።

«እመጣለሁ፣ አስካለ። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ባልሽ የጠላን በእምነታችን ነው?» አሉኝ ጋሼ።

እውነቱ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። የምነግራቸው እኔ ከሆንኩ አንተ ዌሪቢ ቀልጠህ ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ። እሱ ራሱ ይመልስልዎታል አልኳቸው። እንግዲህ በስምህ ቃል ገብቻለሁ።

ና። ሌላው ዕቃ ሁሉ ይቆይ፣ ያን ወንበር ብቻ ይዘህ ና። እንደወሰድከው ከፊት አስቀምጠህ ቀበቶውን እሰርለት፤ አልስቅብህም። የነበረበት ቦታ ላይ አድርገውና የሆነውን በራስህ አፍ ለጋሼ ንገራቸው። ይሳቁብህ፣ ይቆጡህ፣ ያ የኮራብህ ሰውዬም ይስማ። ማፈርህ አይቀርም፤ እኔም አጠገብህ ቆሜ አብሬህ አፍራለሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጣቸው። ይሰበራል ብለህ አትሥጋ፤ እኔንና ሄርሞንን አንድ ላይ ችሎ ያውቃል። ከተሰበረም ይሰበር። ለልጅህ የክብር እንግዳ ሲመጣ ብለሃታል፤ እንግዳው መጥቷል።

እሑድም እንደ ወጉ ቆመው ነው የሚጠብቁህ፣ አንተ መጥተህ ተቀመጡ እስክትላቸው። ጋሼን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብዙ አታቁማቸው።

ባለቤትህ፣
አስካለማርያም