ያልተቀመጥኩበት ሰዓት

ይድረስ ለእህቴ ለመምህርት ፍቅርአዲስ ወልደየስ፤ ደብረ ሲና።

ፍቅርዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ያ የጠመኔ ብናኝ የሚቀሰቅስብሽ ሳል ተወሽ ወይስ አሁንም በነጠላሽ አፍሽን ሸፍነሽ ነው የምታስተምሪው? እማማስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ብርዱ አላስቸገራትም? ታናሻችን ዓብይስ ሥራ ያዘ ወይስ አሁንም መናኸሪያ ሲዞር ነው የሚውለው? ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የጣርማበር ጉም ሳይቀር ሁሉም እንደምን ሰነበተ? የእኔን ከጠየቅሽ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። "ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ" ማለት የደብዳቤ ወግ ነው፤ እኔን ግን የጠናብኝ ናፍቆቱ ነውና ወጉን ትቼዋለሁ።

ያሲር፣ እዚህ ራካ ሰፈር ፊት ለፊታችን ካለው ቤት የሚሠራው የወሎ ልጅ ሹፌር፣ ከእረፍቱ ሲመለስ የላክሽውን ፖስታና በሶ በደህና አስረክቦኛል። በሶውን ያገኘሁ ዕለት በጥብጬ ጠጣሁት። ፖስታውን ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ ከረምኩ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ዓርብ ዓርብ በኢሞ ስንገናኝ እማማ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነው የምትሰማው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ወረቀቶቹን እንዳየሁ መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ስሜን ሳምኩት። "መምህርት ትርፌ ወልደየስ" ተብሎ በታይፕ ተጽፏል፤ ከጎኑ የሦስት ዓመት የሙያ ማሻሻያ ስልጠና፣ በየዓመቱ ስልሳ ስልሳ ሰዓት፣ የፊርማው ቦታ ባዶ። "እትዬ፣ የሙያ ፈቃድሽ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል፤ ሰዓቱ ካልተሞላ አይታደስም፤ አንቺ ብቻ ፈርመሽ ላኪልኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪው" ብለሻል። የስልጠናው አስተባባሪ አንቺ ስለሆንሽ እንደማያቅትሽ አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፣ ኋላ ስቆጣሽ እንዳይከፋሽ።

እዚህ አገር መምህርት ብሎ የጠራኝ የለም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው። ያ ደላላ አዲስ አበባ ላይ "የተማረች ሠራተኛ አይወዱም፤ ስምንተኛ ክፍል በይ" ብሎ መክሮኝ እንደነበር አጫውቼሻለሁ። እኔም አልኩ። ዲፕሎማዬን እማማ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ መጣሁ። ይኸው ሦስት ዓመት።

ብቸኝነቱን ምን ብዬ ልንገርሽ። ክፍሌ ሰገነቱ ላይ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን። ብቻዬን የምወጣበት ቀን የለኝም። ዓርብ ቤተሰቡ የኾባር ባሕር ዳርቻ ሲሄድ የሕፃኑን ጋሪ እየገፋሁ እከተላለሁ። አንድ ቀን እንደኔው ጋሪ የምትገፋ አንዲት የአገራችን ልጅ ከፊት ለፊቴ መጣች። "ሀበሻ ነሽ?" አለችኝ። "አዎ፣ አንቺስ?" ከማለቴ የእሷ ማዳም ጠራቻት፤ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። ያን ሳምንት ሙሉ እሷን ሳስብ ነበር፣ እንደ ዘመድ። ሁዳዴን ስጾም ማዳም ውፍረት የምቀንስ መስሏት "በርቺ፣ አምሮብሻል" ትለኛለች። ፋሲካንም ብቻዬን በአንድ እንቁላል ገደፍኩ። ለማን እንኳን አደረሰህ ይባላል?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ማዳም የዮርዳኖስ ሰው ናት፤ አሜሪካ ተምራ እዚያው አንድ ግዛት ውስጥ አስተምራለች። ባሏ፣ ባባ የምንለው፣ ዳህራን ሥራ አግኝቶ ነው እዚህ የመጡት። የእሷም የመምህርነት ፈቃድ በየጊዜው የሚታደሰው እንደኛው በስልጠና ሰዓት ነው። አዎ ፍቅርዬ፣ ይህ የስልጠና ሰዓት የሚሉት ጣጣ የእኛ ብቻ መስሎሽ ነበር? አሜሪካም አለልሽ! ልዩነቱ የእነሱ በኮምፒውተር መሆኑ ነው። አሠልጣኙ ይናገራል፣ ጽሑፉ ይታያል፤ በየአሥር ደቂቃው "አለሽ ወይ?" የሚል ነገር ብቅ ይልና ቁልፍ ካልተጫንሽ ሰዓቱ አይቆጠርም።

ማዳም ከምሳ በኋላ መተኛት ትወዳለች። "ትርፌ፣ ልብሱን እዚህ እያጠፍሽ ይህ ብቅ ሲል ተጫኚልኝ" አለችኝ። እኔም የልጆቹን ልብስ እያጠፍኩ እጫናለሁ። የገባኝ አይመስላትም። ለእኔ ግን፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ከቀኑ ሁሉ የምጠብቀው ያን ሰዓት ሆነ። አንድ ሰው ስለ ክፍል፣ ስለ ተማሪ፣ ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ያወራልኛል! የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ስቀሽ ሙቺ።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ማዳም ልጇን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዛ እንደወጣች ባዶ ሣጥን ያለበት ገጽ መጣ። "በትልቅ ክፍልና በጥቂት መጽሐፍ ያስተማርሽበትን አጋጣሚ ጻፊ፤ ምን ተማርሽበት?" ይላል። ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ደወልኩላት፣ አታነሳም። "ሰዓቷ ቢቃጠል በእኔ ታሳብባለች" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ነው፤ እጄ በልቶኝ ነው። ተቀመጥኩና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ስለ አምስተኛ "ለ" ጻፍኩ፤ ስለ ስልሳ ስምንቱ ልጆች። አንዱን መጽሐፍ ገንጥዬ በየምዕራፉ ለብቻ ሰፍቼ ለየቡድኑ ያደልኩበትን፣ እያንዳንዱ ቡድን የደረሰውን ምዕራፍ ለሌላው እንዲያስተምር ያደረግኩበትን፣ ርዕሰ መምህሩም "የመንግሥት ንብረት ቀደደች" ብለው በቃለ ጉባኤ ያስያዙብኝን ታስታውሻለሽ? እሱን ነው የጻፍኩት። ቃለ ጉባኤውን ብቻ ዘለልኩት።

ማዳም ስትመለስ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ "ኢንቲ ሙዐሊማ?" አለችኝ፤ አንቺ መምህር ነሽ? ኸላስ፣ አለቀልኝ፣ ነገ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትተው ያሳፍሩኛል ብዬ አሰብኩ። "አዎ" አልኩ። ኮምፒውተሩን ዘጋችና "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ለባባ ግን እንዳትነግሪ" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ መጫኑ ቀርቶ ጽሑፉንም ሁሉ የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የአሠልጣኙ መልስ መጣላት። ምሳ ላይ ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ "እንዳንቺ ያለ መምህር ከስንት አንድ ነው የሚገኘው" ይላል። ባባ አጨበጨበላት። እኔ የሩዙን ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀና ብላ አላየችኝም። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ልዋሽብሽ አልፈልግም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ስታዘኝ እንኳ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። መጋቢት ላይ ፈቃዷ ታደሰ። የምስክር ወረቀቱን አትማ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ማቀዝቀዣውን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ። ፍቅርዬ፣ ተቃጠልኩ። ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ማሽኑን ለቅቄ በጩኸቱ ውስጥ አለቀስኩ።

ያንቺ ፖስታ የደረሰኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ፈርሜ ነበር። "ይህን ያህል ሰዓት በሰው ስም ተቀምጬ የለ? ሰውም በእኔ ስም ቢቀመጥልኝ ምን አለበት" ብዬ። ሁለተኛውን ልፈርም ስገልጥ ያቺን ቁራጭ ወረቀትሽን አገኘኋት። "ሰዓቱ ከየት መጣ ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ በአንቺ ቦታ የተቀጠረችው ሙሉብርሃን የተከታተለችውን ነው ወደ አንቺ ያዞርኩት። ገና ልጅ ናት፣ ጊዜ አላት። ዝምተኛ ስለሆነች አትናገርም" ይላል።

ዝምተኛ ናት አልሽኝ። እኔም እዚህ ዝምተኛ ነኝ ፍቅርአዲስ።

ያቺ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣ ከእናንተ ጋር ተቀምጣ ያን ሁሉ ሰዓት ሰምታለች፣ ጽፋለች፣ ክፍሏ ገብታ ሞክራዋለች። የእሷስ ፈቃድ ሊታደስ ሲል ማኅደሯን ከፍታ ባዶ ስታገኘው ምን ልትላት ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅም ትል የለም እናታችን? በዚያ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ቢደርስበት እንጀራሽ ነው የሚሄደው። እማማን የምትጦሪ አንቺ ነሽ፣ እኔ የምልካት ከመድኃኒቷ አያልፍም። የፈረምኩትን ሰርዤ ወረቀቱን ሁሉ መልሼልሻለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሳይመጣ ሰዓቷን ወደ ስሟ መልሺ። ይህን ልመና እንዳይመስልሽ፤ ታላቅሽ ነኝ፣ አዝዤሻለሁ።

ከሰኔ ሠላሳ በኋላ እንግዲህ ፈቃድ የለኝም። ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል። ካፊሉ፣ ያስመጣኝ አሠሪዬ ባባ፣ ሁለት ዓመት እንድጨምርለት ጠይቆኝ "አልጨምርም፣ አገሬ እገባለሁ" ብዬዋለሁ፤ "አስቢበት" አለኝ። ፈቃዱ በእጄ ቢሆን ቀና ብዬ ነበር የምገባው። አሁን በሠላሳ አራት ዓመቴ ትናንት ከኮሌጅ ከወጡ ልጆች ጋር ተሰልፌ ለምዘና ልቀመጥ ነው፤ ቢሳካልኝም ወዴት እንደሚመድቡኝ እንጃ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። አንዳንዴ ሁለቱን ዓመት ጨምሬ እዚሁ ብቀርስ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ግን ማቀዝቀዣውን ሳይ ይተወኛል።

ይህን ደብዳቤ የምትይዝልኝ ሱዓድ ናት፣ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ። ቆሻሻ ልናወጣ ስንወጣ በር ላይ የምናወራው ሦስት ደቂቃ ነበር አማርኛዬን ያቆየልኝ። ሐሙስ ትሄዳለች፤ ረመዳንን ከእናቷ ጋር ልትጾም ነው፣ አላህ ይርዳት። ወደ ደሴ ስታልፍ "መኪናው ደብረ ሲና ሲቆም ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ በእጇ አስረክባታለሁ፣ ወላሂ" ብላኛለች። ሻይ ሳትጠጣ እንዳትለቂያት። እሷን እያየሽ እኔን ያየሽ ያህል ይሁንልሽ፤ ከእሷ በኋላ እዚህ የልቤን የማጫውተው ሰው የለም።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ስለ ፈቃዱ እንዳትነግሪያት፤ እድር ላይ "መምህርት ልጄ" እያለች ትጠራኝ፣ ጥር ላይ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ዓብይን ትርፌ ተቆጥታሃለች በይው፤ ለምን እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል። ለርዕሰ መምህሩ አክብሮቴን አቅርቢልኝ። የአምስተኛ "ለ" ልጆች ዘንድሮ ስምንተኛ ደርሰዋል አይደል? ያገኘሻቸውን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ለሙሉብርሃን ግን ሰላምታዬን አታድርሺ። ሰዓቷን መልሺላትና ምንም አትበያት፤ ሲወሰድባት እንዳላወቀች ሲመለስላትም አትወቅ።

እስከ ሰኔ ሠላሳ መምህርት፣
ከዚያ ወዲያም ያው እህትሽ
ትርፌ ወልደየስ

ራካ፣ በደማምና በኾባር መካከል
ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም.