የሰው ከበሮ በአደራ ያኖሩት እናታችን

እናታችን ከቆዳ ሰፊው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። የአባታቸው ዓይን ሲደክም ግን ደብተሩን አስቀምጠው ወስፌውን ያዙ። ስፌት ሳይደርቡ ዕቃ ከእጃቸው ስለማይለቁ ሰፈርተኛው «እትዬ ድርቡ» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ገበታውንም፣ በሩንም፣ የእህቱን ጀርባም ሲደበድብ ስለሚውል በቤት «ቶክቶክ» ይባል ነበር። በጦሩ የማርሽ ባንድ ከበሮ መቺ ሆኖ ተቀጠረ። የባንዱ ከበሮዎች ሁሉ ከቀደመ ጦርነት የተረፉ፣ እዚህም እዚያም ጥይት የጨረፋቸው አሮጌ የነሐስ ከበሮዎች ነበሩ። ቶክቶክ ግራኝ ስለነበር እናታችን ከአባታቸው የመጨረሻ ቆዳ ቆርጠው፣ በግራ ትከሻ የሚነገት ማንገቻ በድርብ ስፌት ሠሩለት። «እትዬ፣ ጄኔራል አልመሰልኩም?» ሲላቸው «ጄኔራል ከበሮ አይሸከምም፤ ይልቅ ቀና በል!» ብለው ወደ ግንባር እንደሸኙት እየሳቁ ያወሩልን ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቶክቶክ አልተመለሰም፤ ከበሮ ተመለሰ። አንድ ወታደር መርዶውን ነግሮ፣ ከበሮውን ደጃፍ ላይ አኑሮ ሄደ። ሴት አያታችን እንደ ሕፃን አቀፉት። እናታችን ግን ማንገቻውን አዩ። ስፌቱ ነጠላ ነው፤ የሚነገተውም በቀኝ ትከሻ። የወንድማቸው ከበሮ አልነበረም። ሊናገሩ ሲሉ አያታችን ጉንጫቸውን የከበሮው ቆዳ ላይ አስደግፈው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወስዷቸው አዩ። ነገሩን ዋጡት። አያታችን እስኪያርፉ ድረስ ለማንም አልተነፈሱም።

ከአናጢው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ የቆዳ ሥራ ሱቅም ከፈቱ። ምስጢሩን በመጀመሪያ ያካፈሉት ለአባታችን ነው። «ከበሮው የእሱ ካልሆነ፣ መርዶውስ የእሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ በተባለበት ሁሉ ፊት ቆመው የከበሮ ማንገቻ ይመለከቱ ነበር። አባታችን «እኔን እንኳ እንዲህ ትኩር ብለሽ አይተሽኝ አታውቂም» ብለው ሲቀልዱ፣ «አንተ መቼ ጠፍተህብኝ!» ይሏቸው ነበር። የጦሩን መሥሪያ ቤት የጠየቁትም «ተቀያይሮ ይሆናል» ከሚል ያለፈ መልስ አላገኘም።

ነሐሱን እየወለወሉ፣ በእርጥበት ጊዜ ገመዱን እያላሉ፣ ሲደርቅ እያጠበቁ ያንን የማያውቁትን ሰው ከበሮ ጠበቁ። እኛ ልጆቹ ስንነካው «ተዉ! የሰው ዕቃ ነው። የእኛንም ይሄኔ አንዱ ይዞልን ይሆናል፤ የእሱ ልጆች ቢደበድቡት ደስ ይላችኋል?» ይሉን ነበር። አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሲመጡም «ባለቤት አለው» ብለው ይመልሷቸው ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ የማንገቻው ስፌት ተተረተረ። ተደግፈው ተቀመጡና በዚያው በአሮጌው ቀዳዳ፣ በነጠላ ክር ሰፉት። ልጃቸው «እማዬ፣ አትደርቢውም?» ብትላቸው «ከደረብኩት የሰፋው ሰው ሲያየው አያውቀውማ» አሏት። የመጨረሻ ሥራቸው ይኸው ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ከበሮው በሱቃቸው መስኮት ላይ ነው። ልትሸኟቸው ከመጣችሁ መካከል በቤቱ አሮጌ የነሐስ ከበሮ ያለው ቢኖር፣ ማንገቻውን እባካችሁ እዩልን። ስፌቱ ድርብ፣ የሚነገተውም በግራ ትከሻ ከሆነ የእኛ ነው። የእናንተን ይዘንላችኋል።

ወንድማቸው ቀድሟቸው ደርሶ እንደሆነ ፈጣሪ ያገናኛቸው። ገና ካልደረሰም፣ እስኪመጣ ድረስ ናፍቆት የሌለበት ማረፊያ ለነፍሳቸው ይስጥልን። አሜን።