የወደቀውን ሰሌዳ አታንሱብን

ለተከበሩ የሰፈራችን ልማት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ጭቃ ነክቶት የማያውቀው ጫማዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ጤናና ዕድሜ እንዲበዛልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቦዩ ማዶ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። በቅርቡ ነፋስ የጣለውን የማኅበርዎን ሰሌዳ ቦዩ ላይ ማጋደማችን አስቆጥቶዎት፣ እንግዶች ሊጎበኙ ስለሚመጡ በአስቸኳይ አንስተን መልሰን እንድናቆመው ያዘዙበት ማስታወቂያ በሬ ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የሚያስፈልገንን ለማወቅ ደጋግመው ሰብስበው ስለጠየቁን እጅ እንነሳለን። ነዋሪው በየስብሰባው ወደ ጤና ጣቢያው የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ እንደሚሻ ሲናገር፣ ባለሙያዎችዎም በባለቀለም ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ሲለጥፉት በዓይናችን አይተናል። ከዚያ በኋላ የደረሰን ግን የአመራር ክህሎት ሥልጠና ነው። እነሆ ዛሬ ሁላችንም መሪዎች ሆነናል፤ የቸገረን የምንመራውን ሰው በምን እንደምናሻግረው ብቻ ነው።

2ኛ. ማኅበርዎ ሳይመጣ በፊት፣ አናጢው ጎረቤቴና የሰፈሩ ሰው ተባብረን ድልድይ ልንሠራ ወፋፍራም እንጨት ሰብስበን እንደነበር ያስታውሳሉ። የእንጨት ድልድይ ዘመናዊ አለመሆኑን አስረድተው፣ የዘመናዊው ድልድይ ጥናት እስኪያልቅ እንድንታገሥ እንደ አባት መከሩን፤ እኛም ታገሥን፤ እንጨታችንም የሰሌዳዎ እግርና ማገር ሆነ። ሰሌዳው ላይ ወደፊት የሚሠራው ድልድይ ተስሎ፣ ከጎኑ እርስዎ ፈገግ ብለው ይታያሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት ነው፤ የእኛይቱ ላም ግን ሥዕሏ መንገድ ዳር ስለተሰቀለልን ከቀደሙት ሰዎች እንሻላለን።

3ኛ. ይህኛው ስለ እናቴ ነው። የእግሯ ቁስል ጤና ጣቢያ እየሄደች ካላሳጠበችው ያመረቅዛል። ባለፈው ክረምት ቦዩ ሞልቶ በጀርባዬ አዝዬ ሳሻግራት አዳለጠኝና ሁለታችንም ውሃው ውስጥ ገባን። እኔ ጎትቼ ሳወጣት እሷ፣ ልጄ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ዋና ልማር እንዴ እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያን ቀን እናቴን ያጣኋት መስሎኝ ነበር።

አሁን ሰሌዳዎን ከነእግሩ ቦዩ ላይ አጋድመነው፣ አናጢውም በምስማር አጥብቆት፣ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ሄዳ ትመለሳለች። ማኅበርዎ ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለ የተሳካ ሥራ አይተን ስለማናውቅ እንኳን ደስ አለዎት።

4ኛ. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ሦስቱ ጥቂት ከሆኑብዎ አንድ ስብሰባ ይጥሩልን።

እንግዶችዎ ሰሌዳው ቆሞ ቢያዩት ደስ እንደሚላቸው አይጠፋኝም። ነገር ግን ሰሌዳው ከቆመ እናቴ ቤት ትቀመጣለች፤ ስለዚህ በትሕትና እምቢ ብለናል። ወደፊት ከነፋሱ የተሻለ ለመሥራት ካሰቡም፣ ጠይቀውን ሲያበቁ መልሱን እስኪሰሙ ይቆዩ፤ የጀመርነውንም ከማስቆም አንዱን ጫፍ ይያዙልን።

በውለታዎ ላይ በየቀኑ የምመላለሰው፣
የቦይ ማዶው ልብስ ሰፊ፣
ከሠለጠኑት መሪዎች አንዱ

ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት የታወሰኝ፦ እናቴ የትልቅ ሰው ፊት አልረግጥም ብላ ስላስቸገረችን ሰሌዳውን ገልብጠን በፊቱ ደፍተነዋል። ስለዚህ ፈገግታዎ አሁን ቁልቁል ወደ ቦዩ ነው፤ ከተሾሙ ጀምሮ ችግራችንን ይህን ያህል ቀርበው ሲያዩት የመጀመሪያዎ ነውና፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩበት።